ለገዢው የቀለለው ዘንዶ ለትውልድ ቀዬው ለምን ከበደ?

በምዕራብ አፍሪካ የበጋው ወራት ሊገባደድ ሲል በቶጎ፣ በቤኒንና በጋና ገጠሮች እባብ አዳኞች መቆፈሪያቸውን ይዘው ወደ እርሻ ማሳ ይወጣሉ። የሚፈልጉት በየኩይሳው ሥርና አይጦች ቆፍረው በተዉት ጉድጓድ ውስጥ የተደበቀች እንስት ዘንዶ ነው። ወቅቱ የእንቁላል መጣያ ነው። እንቁላል የያዘች ወይም እንቁላሏን የታቀፈች እንስት ከተገኘች እርሷም እንቁላሎቿም ወደ ላኪ ነጋዴዎች ግቢ ይወሰዳሉ። ሁለት ወር ገደማ ቆይተው እንቁላሎቹ ሲፈለፈሉ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ግልገሎች በጨርቅ ከረጢት ተቋጥረውና በሳጥን ታሽገው በአውሮፕላን ወደ አሜሪካ፣ ወደ አውሮፓና ወደ እስያ ይጫናሉ።

በዚህ መንገድ ወደ ውጭ የሚሄደው ዝርያ አሜሪካውያን ‘ቦል ፓይተን’ ወይም የኳስ ዘንዶ፣ እንግሊዛውያን ደግሞ ንጉሣዊ ዘንዶ የሚሉት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1975 ወዲህ ከ3 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ የዚህ ዝርያ እባቦች ከምዕራብ አፍሪካ ወደ ዓለም ገበያ ተልከዋል። ዓለም አቀፍ የንግድ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው የአፍሪካ እንስሳት መካከል ከነሕይወቱ በብዛት በመሸጥ የሚስተካከለው የለም።

ዘንዶን በቤት ማሳደግ ተገቢ ነው ወይ የሚለው ክርክር በአብዛኛው የሚካሄደው በገዢዎቹ አገር ነው። ጥያቄውም ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ እንስሳው ሰው ይጎዳል ወይስ አይጎዳም? መልሱ እንደ ዝርያው ስለሚለያይ ክርክሩ በቀላሉ አይቋጭም። ከዚህም በላይ፣ ለገዢው ቤተሰብ አስጊ ያልሆነው ዝርያ በተፈጥሮ መኖሪያው ብዙ የተለቀመው እርሱ መሆኑ ሲታሰብ ጥያቄው ራሱ ከግማሽ መንገድ የቆመ ይመስላል።

አንድ ስም፣ ብዙ እንስሳ

አማርኛ ለዚህ እንስሳ ያለው ቃል ዘንዶ ነው። ቃሉ ከሥነ ሕይወት ይልቅ ከታሪክና ከእምነት ጋር የተቆራኘ ነው። ከአክሱም ነገሥታት በፊት ነገሠ የሚባለው አርዌ ዘንዶ ነበር፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጦር የተወጋውም ዘንዶ ነው። አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ፣ በዋሽንግተን ወይም በለንደን የሚኖር ዘመዱ ልጅ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ዘንዶ እንደሚያሳድግ ቢሰማ በዓይነ ኅሊናው የሚመጣለት ሰው የሚውጥ ግዙፍ አውሬ ቢሆን አይገርምም። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ግን ከአንድ ሜትር ብዙም የማይረዝም፣ ሲነኩት እንደ ኳስ ተጠቅልሎ ራሱን የሚደብቅ ፍጡር የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ሳይንስ ዘንዶ በሚለው ቤተሰብ ውስጥ 40 የሚሆኑ ዝርያዎችን ይቆጥራል። የሁሉም የተፈጥሮ መኖሪያ በአፍሪካ፣ በእስያና በአውስትራሊያ አካባቢ ነው። በደቡብ አሜሪካ የሚገኙት ቦአና አናኮንዳ ብዙዎች ከዘንዶ ጋር ቢያመሳስሏቸውም ከሌላ ቤተሰብ ናቸው፤ እነርሱ በአብዛኛው ልጆቻቸውን ሲወልዱ ዘንዶዎች ግን ሁሉም እንቁላል ጣዮች ናቸው።

ዘንዶ መርዝ የለውም። ያደነውን እንስሳ ነክሶ ይይዝና ይጠመጠምበታል። ለረዥም ዘመን ታዳኙ የሚሞተው ትንፋሽ አጥሮት እንደሆነ ይታመን ነበር፤ በ2015 በቦአ እባቦች ላይ የታተመ ጥናት ግን የመጠምጠሙ ኃይል በቅጽበት የደም ዝውውርን እንደሚያቋርጥ አሳይቷል። አብዛኞቹ ዝርያዎች ከንፈራቸው ላይ በተደረደሩ ትንንሽ ጎድጓዶች የሌላውን እንስሳ የሰውነት ሙቀት መለየት ስለሚችሉ በጨለማም ያድናሉ።

ከዚህ የጋራ ባሕርይ አልፎ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ በኩይሳ ውስጥ የሚኖረው ድንክ ዘንዶ ሙሉ ዕድሜው ላይ ደርሶ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚኖረውና ቆዳው የመረብ ጥለት ያለው ባለ መረብ ዘንዶ ደግሞ ከ6 ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ በዓለም ረዥሙ እባብም እርሱ ነው። በ2017 በኢንዶኔዥያ ሱላዌሲ ደሴት አንድ ገበሬ በዚህ ዝርያ ተውጦ የተገኘበት ክስተት ዓለምን አስደንግጧል። ድንኩና ባለ መረቡ በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ስለመኖር ሲነሳ የሚያመሳስላቸው ነገር ጥቂት ነው።

ፈሪው እንስሳ እንዴት ተመረጠ?

አፍሪካ ውስጥ አራት የዘንዶ ዝርያዎች አሉ። ሁለቱ የዐለት ዘንዶ የሚባሉት ግዙፎቹ ናቸው፤ ሰሜናዊው ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያና ሶማሊያ፣ ደቡባዊው ከኬንያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ይገኛሉ። ሦስተኛው በአንጎላና በናሚቢያ ብቻ የሚኖር ትንሽ ዝርያ ነው። አራተኛው የኳስ ዘንዶ ሲሆን፣ መኖሪያው ከሴኔጋል ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ እስከ ደቡብ ሱዳንና ሰሜን ምዕራብ ኡጋንዳ ይዘልቃል።

የኳስ ዘንዶ ለገበያው የተስማማው በባሕርዩ ነው። ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ነው። ሲደነግጥ ከመናከስ ይልቅ ራሱን በሰውነቱ ጥቅልል መካከል ይቀብራል። ሌሊት እንጂ ቀን አይንቀሳቀስም፤ አንድ አይጥ ከዋጠ ሳምንትና ከዚያም በላይ ሳይበላ ሊቆይ ይችላል። አነስተኛ መኖሪያ ላለው፣ ቀኑን በሥራ ለሚያሳልፍና ለውሻ ጊዜ ለሌለው የከተማ ሰው ይህ ማራኪ ነው።

ሻጮች አዘውትረው የማይናገሩት ሌላ ባሕርይም አለው። የኳስ ዘንዶ፣ በተለይ ከዱር የተያዘው፣ ለወራት ምግብ ሊከለክል ይችላል። በሣጥኑ አንድ ጫፍ ከ30 ዲግሪ ሴልሲየስ ትንሽ ከፍ ያለ ሙቀት፣ በሌላው ጫፍ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ በቂ እርጥበትና መደበቂያ ይፈልጋል፤ ይህ ካልተሟላ ቆዳውን በወጉ መግፈፍ ያቅተዋል፣ ሳንባውም ይታመማል። ዕድሜውም ከብዙ ትዳር ይረዝማል። በሴንት ሉዊስ የእንስሳት መጠበቂያ በ1961 የገባች አንዲት እንስት በ2020 ሰባት እንቁላል ጥላለች፤ በዚያን ጊዜ ዕድሜዋ ቢያንስ 62 ዓመት ይሆናል ተብሎ የተገመተ ሲሆን፣ ከወንድ ጋር ሳትገናኝም ቢያንስ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈዋት ነበር። በጎረምሳነቱ ግልገል ዘንዶ የሚገዛ ሰው ምናልባት ለልጅ ልጁ የሚያወርሰውን እንስሳ እየገዛ መሆኑን የሚነግረው የለም።

ከስድስት እንቁላል ላይ የተሠራ ገበያ

ንግዱ የቆመበት አሠራር ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች እንግዳ አይደለም። የአርባ ምንጭ የአዞ ራንች እንቁላልና ግልገል ከሐይቅ ዳር ሰብስቦ በማሳደግ ነው የተቋቋመው። የአሠራሩ መነሻ ሐሳብ፣ በተፈጥሮ አብዛኛው ግልገል በሕፃንነቱ ስለሚያልቅ ከዚያ ላይ የተወሰነውን መውሰድ ወላጆቹን ካለመንካት ጋር ከተጣመረ ብዙ ጉዳት አያደርስም የሚል ነው። በቶጎ፣ በቤኒንና በጋና ያለው የዘንዶ ‘እርባታ’ም ስሙን የወሰደው ከዚሁ ነው። ሕጉ የተወሰነ ቁጥር ያላቸው ግልገሎችና እናቶቹ ተመልሰው ዱር እንዲለቀቁም ይጠይቃል።

ልዩነቱ እንስሳው ላይ ነው። እንስት አዞ በአንድ ጊዜ በደርዘን የሚቆጠሩ እንቁላሎችን ትጥላለች። የኳስ ዘንዶ ግን የምትጥለው ስድስት ገደማ ብቻ ነው፤ በየዓመቱ የማትጥልም ብዙ ናት። አዳኙ ጉድጓዱን ቆፍሮ ሲያፈርስ እንስቲቱን ብቻ ሳይሆን ሌሎች የሚጠለሉበትን ጎጆም ያጠፋል። ግልገሎችን ከተወለዱበት አካባቢ ርቆ መልቀቅም በሽታን ከአንዱ መንጋ ወደ ሌላው ማሸጋገሪያ ሊሆን ይችላል የሚል ሥጋት ከተመራማሪዎች ይሰማል። ቶጎ ብቻ በዓመት ከ60 ሺህ በላይ ግልገሎችን ወደ ውጭ ለመላክ የሚፈቅድ ኮታ ነበራት።

ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት አሁን ዝርያውን ‘ለአደጋ የተቃረበ’ በሚለው ደረጃ አስቀምጦታል። ለዚህ ንግዱ ብቸኛው ምክንያት አይደለም፤ እርሻ ሲስፋፋ መኖሪያው ይጠብባል፣ ሥጋውና ቆዳውም በአካባቢው ገበያ ይፈለጋል። ይሁንና ለአንድ ገበሬ በበጋው መጨረሻ፣ የእህል ጎተራው በሚራቆትበት ወቅት፣ ከጉድጓድ የሚወጣ እባብ ጥሬ ገንዘብ ነው። እርሱ የሚያገኘው በአሜሪካ ሱቅ ከሚከፈለው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ቢሆንም ያንን የሚተካለት ሥራ ሳይኖር ንግዱን መዝጋት በጓሮ በር እንዲቀጥል ከመፍቀድ ብዙም አይለይም።

በዚያው ቀጠና ይኸው እንስሳ የተከበረባቸው ቦታዎች አሉ። በቤኒን ዊዳ ከተማ ከካቶሊክ ባዚሊካው ፊት ለፊት የዘንዶዎች መቅደስ ይገኛል። እዚያ ያሉት የኳስ ዘንዶዎች የቩዱን አምልኮ አካል ናቸው፤ ከመቅደሱ ወጥቶ ቤቱ የገባ ዘንዶ ያገኘ ነዋሪ አክብሮ ይመልሰዋል እንጂ አይገድለውም። የጉብኝት ገንዘቡም ቀላል አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ አርቢዎች ራሳቸው በብዛት የሚያራቡት እንስሳ ከሆነ ከአፍሪካ ማስመጣቱ ለምን ቀጠለ? አንዱ ምክንያት ዋጋ ነው። ሌላው ቀለም ነው። በ1992 አሜሪካዊው አርቢ ቦብ ክላርክ ነጭና ቢጫ መልክ ያላቸውን፣ ጥቁር ቀለም አልባ የኳስ ዘንዶዎች ለማራባት በቃ። ከዚያ ወዲህ አርቢዎች በዱር አልፎ አልፎ ብቻ የሚገኙ የቀለምና የጥለት ልዩነቶችን እየመረጡ በማዳቀል በሺዎች የሚቆጠሩ መልኮችን ፈጥረዋል። ብርቅ መልክ ያለው አንድ እባብ ሲወጣ አካባቢ በአሥር ሺዎች ዶላር የተሸጠበት ጊዜ ነበር። አዲስ መልክ ደግሞ መጀመሪያ የሚገኘው ከአፍሪካ በሚመጣው ሳጥን ውስጥ ነው፤ ላኪዎችም ይህን ያውቃሉ።

የቀለሙ ውድድር እንስሳው ራሱ የሚከፍለው ዋጋም አለው። ‘ሸረሪት’ የሚባለው፣ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች የተዘረጉበት መልክ ያላቸው የኳስ ዘንዶዎች ጭንቅላታቸው ይንቀጠቀጣል፣ ሚዛናቸውን ይስታሉ፤ አንዳንዶቹ በጀርባቸው ተገልብጠው መቃናት ያቅታቸዋል። አርቢዎች ለዓመታት ‘ትንሽ መወዛወዝ’ ሲሉ ያቃልሉት የነበረው ይህ ችግር በ2022 በታተመ ጥናት ተመርምሮ የውስጥ ጆሮ አፈጣጠር መዛባት መኖሩ ታይቷል። መልኩን የሚሰጠው ዘረ መል መዛባቱንም ይዞ ስለሚመጣ አንዱን ከሌላው ለይቶ ማራባት አልተቻለም። በብሪታኒያ የሚገኝ አንድ ትልቅ የተሳቢ እንስሳት ወዳጆች ማኅበር ይህ መልክ በትርኢቶቹ ላይ እንዳይሸጥ ከ2018 ጀምሮ ከልክሏል። በሌሎች ገበያዎች ግን ሽያጩ ቀጥሏል።

ሲያድግ ሌላ የሚሆነው

ሰው የሚፈራው ዘንዶ ከሌላኛው ወገን ነው። የበርማ ዘንዶ ከእንቁላል ሲወጣ ከግማሽ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ከኳስ ዘንዶ ግልገል አጠገብ ቢቀመጥ ላልለመደ ዓይን የመጠን ልዩነታቸው የሚያስጨንቅ አይደለም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን አንዱ በሦስት ሜትርና ከዚያም በላይ ተዘርግቶ ጥንቸል ይጠይቃል። ሙሉ በሙሉ ሲያድግ ከአምስት ሜትር ሊያልፍ ይችላል። አሳዳጊው ያን ጊዜ የሚሸጠው አያገኝም፤ የእንስሳት መጠበቂያዎችም ሞልተዋል። የሚቀረው ገድሎ መገላገል ወይም በሌሊት በመኪና ወስዶ ረግረግ ውስጥ መልቀቅ ነው።

ከ1996 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት ወደ አሜሪካ የገቡት የበርማ ዘንዶዎች ወደ 100 ሺህ ይጠጋሉ። በደቡብ ፍሎሪዳ ኤቨርግሌድስ የተባለው ሰፊ ረግረጋማ ምድር ሙቀቱም እርጥበቱም ተመቻቸው። በ1992 አንድሩ የተባለው አውሎ ነፋስ የማራቢያ ቦታዎችን አፍርሶ ማስለቀቁ ይነገራል፤ የተሰላቹ አሳዳጊዎች የለቀቋቸውም ጥቂት አይደሉም። እስከ 2000 ድረስ በዱር እየተራቡ መሆናቸው ታወቀ። በ2012 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ዘንዶዎቹ ረዥም ጊዜ በቆዩባቸው የኤቨርግሌድስ ክፍሎች በመንገድ ዳር የሚታዩ ራኩኖች ቁጥር በ99.3 በመቶ፣ ኦፖሰም የሚባሉት እንስሳት በ98.9 በመቶ፣ ቦብካት የምትባለው የዱር ድመት ደግሞ በ87.5 በመቶ ቀንሷል።

በ2022 ተመራማሪዎች ይፋ ያደረጓት አንዲት እንስት 98 ኪሎ ግራም ትመዝን ነበር፤ በሆዷ 122 በማደግ ላይ ያሉ እንቁላሎችና የአጋዘን ሰኮና ተገኝቶባታል። ስድስት እንቁላል የምትጥለው የኳስ ዘንዶ ዱር ብትለቀቅ ይህን ጥፋት ታደርሳለች ብሎ የሚሰጋ ባለሙያ ጥቂት ነው። የፍሎሪዳ ባለሥልጣናት ዘንዶ ላደነ ሰው ይከፍላሉ፣ በየዓመቱም ባለ ሽልማት የአደን ውድድር ያዘጋጃሉ። ከ2000 ወዲህ ከ23 ሺህ በላይ ተወግደዋል፤ ማጥፋት ይቻላል የሚል ግን እምብዛም አይሰማም። ይህ ሁሉ ሲሆን የበርማ ዘንዶ በትውልድ አገሩ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ለመጥፋት የተጋለጠ ተብሎ የተመዘገበ ዝርያ ነው።

ከምሥራቅ አፍሪካ አንባቢ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ግን የአፍሪካው የዐለት ዘንዶ ነው። በኢትዮጵያ ቆላማ፣ ለውኃ ቅርብ በሆኑ ቦታዎች የሚኖረው ይኸው ዝርያ ሚዳቋና ፍየል ለመዋጥ የሚያንስ አይደለም። በባሕርዩም ከበርማው የበለጠ ቁጡ ነው፤ ለዚህም ነው በገበያው እምብዛም ያልተስፋፋው። በማያሚ ምዕራባዊ ዳርቻ ይህም ዝርያ በዱር ሲራባ ተገኝቷል። በነሐሴ 2013 በካናዳ ካምቤልተን ከተማ፣ ከአንድ የእንግዳ እንስሳት መሸጫ በላይ ባለ መኖሪያ ቤት የተኙ የአራትና የስድስት ዓመት ወንድማማቾች ከማቆያው ባመለጠ የዐለት ዘንዶ ሕይወታቸውን አጥተዋል። የሱቁ ባለቤት ተከስሶ በ2016 ነጻ ተባለ።

አገሮች ለዚህ የሰጡት ምላሽ ወጥ አይደለም። አሜሪካ በ2012 የበርማውንና ሁለቱን የአፍሪካ የዐለት ዘንዶዎች፣ በ2015 ደግሞ ባለ መረቡን ዘንዶ ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለች። በ2017 ግን የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ሕጉ በዋናው ምድር ባሉ ግዛቶች መካከል የሚደረገውን ዝውውር ለመከልከል ሥልጣን እንደማይሰጥ ወሰነ። ፍሎሪዳ በ2021 በራሷ ሕግ ግዙፎቹን ዝርያዎች ለቤት እንስሳነት ማራባትንም መሸጥንም ለማስቆም ተንቀሳቀሰች። በብሪታኒያ የ1976ቱ የአደገኛ የዱር እንስሳት ሕግ መርዛማ እባቦችን ለማሳደግ ፈቃድ ያስጠይቃል፤ ዘንዶ ግን ምንም ያህል ቢረዝም በዝርዝሩ ውስጥ የለም። መርዝን እንጂ ጡንቻን የማይቆጥር ሕግ ነው።

የኳስ ዘንዶ ከእነዚህ እገዳዎች ሁሉ ውጪ ነው። የተከለከሉት አደገኞቹ በመሆናቸው ፈላጊው ሁሉ ወደ እርሱ ዞሯል። ቤተሰብን ለመጠበቅ የወጣው ሕግ ሳያስበው በቶጎና በቤኒን ጉድጓዶች ላይ ያለውን ጫና የሚያጠናክር ሆኖ ይታያል። ለቤተሰብም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ከአደጋ ነጻ ነው ማለት አይቻልም፤ ተሳቢ እንስሳት ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ስለሚያስተላልፉ የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ባለበት ቤት እንዳይኖሩ ይመክራሉ።

ኦሚዬሪና ጎረቤቶቿ

በኬንያ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ በሚገኘው የንያካች አካባቢ ዘንዶ ሌላ ስም አላት፦ ኦሚዬሪ። የሉዎ ሕዝብ ኦሚዬሪ ስትታይ ዝናብና መልካም አዝመራ ይከተላል ብሎ ያምናል፤ ስለዚህ አትነካም፣ ይልቁንም ዶሮና ፍየል ይቀርብላታል። በ1987 በሰደድ እሳት ክፉኛ የተቃጠለች አንዲት ኦሚዬሪ ለማዳን የተደረገው ጥረት አልተሳካም፤ ሞቷ በመላ ኬንያ መነጋገሪያ ሆነ። በ2003 ደግሞ በኪሱሙ አቅራቢያ በዋቶሬጎ መንደር እንቁላሎቿን የታቀፈች ዘንዶ ስትታይ ሰው ከየአቅጣጫው ጎረፈ። ለነዋሪው ደኅንነት ስትባል ትነሣ በሚሉና ባለችበት ትቆይ በሚሉ መካከልም ክርክር ተነሥቶ ነበር።

የመንደሩ ሰዎች ዘንዶዋ እንቁላሏን እንዴት እንደምትጠብቅ ማየታቸው ከሳይንስ የራቀ አልነበረም። በደቡብ አፍሪካ ለዓመታት ተካሂዶ በ2018 የታተመ ጥናት፣ የደቡባዊው የዐለት ዘንዶ እናት ፀሐይ በደንብ እንድትስብ ቆዳዋ እንደሚጠቁር፣ ቀን ቀን ሞቃ እየተመለሰች እንቁላሎቿን እንደምታሞቅና ከተፈለፈሉም በኋላ ግልገሎቿን ለሁለት ሳምንት ገደማ አጠገቧ እንደምታቆይ አረጋግጧል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ምግብ አትቀምስም፤ ጾሟ ስድስት ወር ሊሞላ ይችላል። የበርማዋ ዘንዶ በበኩሏ ጡንቻዎቿን እያንቀጠቀጠች ለእንቁላሎቿ ሙቀት ታመነጫለች። በመሳቢያ መሰል የፕላስቲክ ማቆያ የሚራቡት ዘንዶዎች እንቁላል ግን እንደተጣለ ተወስዶ በመፈልፈያ ማሽን ውስጥ ይገባል።

በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ ዘንዶን በቤት የማሳደግ ልማድ የለም ማለት ይቻላል። በኬንያ የ2013ቱ የዱር እንስሳት ሕግም ሆነ በኢትዮጵያ በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን አይፈቅዱም። ታንዛኒያ በ2016 የዱር እንስሳትን ከነሕይወታቸው ወደ ውጭ መላክን አግዳለች። በ2022 እገዳውን ለጊዜው ለማንሣት የወጣው ማስታወቂያ የሕዝብ ቁጣ ቀስቅሶ ወዲያው ተቀልብሷል።

ሆኖም ቀጠናው ከፈላጊው ሩቅ አይደለም። የአቦሸማኔ ግልገሎች ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው፤ ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ ምድር ተይዘው በሶማሊላንድ ጠረፍ በኩል የኤደንን ባሕረ ሰላጤ እየተሻገሩ ለባሕረ ሰላጤው አገራት ባለጸጎች ሲሸጡ ኖረዋል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ በ2016 ባወጣችው ሕግ ግለሰቦች አደገኛ የዱር እንስሳትን እንዳይዙ ብትከለክልም ከሐርጌሳ አቅራቢያ ያሉ መጠለያዎች ከሕገ ወጥ አዘዋዋሪዎች የተያዙ ግልገሎችን መቀበላቸውን አላቆሙም። የኳስ ዘንዶ የመኖሪያ ክልል ምሥራቃዊ ጫፍ ያለው ደግሞ በደቡብ ሱዳንና በኡጋንዳ ነው፤ ይህ ጫፍ ከምዕራቡ ያነሰ ጥናት የተደረገበት ነው።

የዘንዶ ዝርያዎች በሙሉ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት፣ በሳይቲስ፣ ቁጥጥር ሥር ናቸው። ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያም የስምምነቱ አባል ናቸው። በስምምነቱ መሠረት ከእያንዳንዱ ጭነት ጋር የሚሄደው ወረቀት የዝርያውን ስምና የመጣበትን ምንጭ የሚያመለክት አንድ የላቲን ፊደል ይይዛል፦ ‘ደብልዩ’ ከዱር የተያዘ፣ ‘አር’ ከዱር በተሰበሰበ እንቁላል የተፈለፈለ፣ ‘ሲ’ ከተያዙ ወላጆች በማራቢያ የተወለደ ማለት ነው። ይህ ፊደል ዋጋውንም፣ ኮታውንም፣ ተቀባዩ አገር ማስገባቱን መፍቀዱንም ይወስናል። በ2011 የታተመ ጥናት ከኢንዶኔዥያ በ‘ሲ’ የሚላኩ አረንጓዴ የዛፍ ዘንዶዎችን ማራቢያ ቦታዎች ተከታትሎ ከእነዚህ ቢያንስ 80 በመቶው በእርግጥ ከዱር የተለቀሙ መሆናቸውን ደርሶበታል።

አረንጓዴው የዛፍ ዘንዶ ግልገል ሳለ ቢጫ ወይም ቀይ ነው፤ አረንጓዴ የሚሆነው ሲያድግ ነው።  ለኳስ ዘንዶ ግን ‘ደብልዩ’፣ ‘አር’ና ‘ሲ’ በግልገሉ ገላ ላይ የሚታይ ልዩነት የላቸውም። በቦሌ ወይም በጆሞ ኬንያታ አየር ማረፊያ የሚተላለፍ ሳጥን የሚከፍት ተቆጣጣሪ የሚያገኘው በጨርቅ ከረጢት ውስጥ እንደ ኳስ የተጠቀለሉ፣ ሁሉም አንድ የሚመስሉ 40 ሴንቲ ሜትር ግልገሎችንና አንድ ወረቀት ነው።